ከቀይ ባሕር ሥር እስከ ጎባ

ገብረ ሚካኤል ሰኞ ጧት በበቅሎ ጀርባ ላይ እንደ ገብስ ጆንያ ተጋድሞ ጎባ ሐኪም ቤት ሲደርስ፣ ከወገቡ በታች ያለው አካል የሱ አልነበረም። ይህ ሰው ዓርብ ዕለት በሁለት እግሩ ከአውሮፕላን የወረደ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። ደም አልፈሰሰውም፣ አጥንትም አልተሰበረበትም። ሐኪሙ ከራስ እስከ እግሩ ፈትሾ፣ እጁን እየታጠበ፣ «የተመረዘ ይመስላል፤ ግን እንዲህ የሚያደርግ መርዝ አላውቅም» አለ።

ከተማው ከዚህ ሁሉ ቃል የወሰደው አንዱን ነው። መርዝ። እኩለ ቀን ሳይደርስ ሞሚና ታሰረች።

መርማሪው መቶ አለቃ ሠርከአዲስ ጎባ ተወልዶ ጎባ ያደገ፣ ባሕር በዓይኑ ያላየ፣ ነገር ካልገባው ምግብ የማይወርድለት ሰው ነው። አዛዡ ጠራውና «ረቡዕ ጧት ሴትዮዋን ከነመዝገቧ ለፍርድ ቤት ታስረክባለህ። ሰውየው ከሞተ ነገሩ የነፍስ ነው» አለው።

«ሁለት ቀን አለኝ ማለት ነው?»

«ሁለት ቀን ምን ይሠራልሃል? ወተቱን ሰጥታዋለች እኮ!»

ሞሚና የሲናና ገበሬ ሚስት ናት። ባሏ የሚያርሰው የገብረ ሚካኤልን አባት መሬት ነው። ረቡዕና ዓርብ በጮጮ ወተት ይዛ ጎባ ትመጣለች። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት፤ አታለቅስም። አማርኛው ሲያጥራት የሚያቀብላት አስር አለቃ ባዳሳ አጠገቧ ቆሟል።

«ወተት ሰጥተሽዋል?»

«ሰጥቻለሁ። ከአውሮፕላኑ ሜዳ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ከኛ ቤት ወተት ጠጥቶ ያደገ ልጅ ነው። ምን ላድርግ፣ አይቼ ልለፈው?»

«ከዚያው ጮጮ ሌላ ማን ጠጣ?»

«እኔ ቀምሼ ነው የሰጠሁት። የቀረውን የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ገዛኝ። ሂድና እየው፤ ሞቷል?»

ባዳሳ ሳቁን ለመዋጥ ጉሮሮውን ጠረገ። ሠርከአዲስ ግን አልሳቀም። «ሲቀበልሽ እንዴት ነበር?»

«እሱማ ገርሞኛል። በግራው ተቀበለኝ። ወተት በግራ እጅ ይቀበላሉ? አሳዳጊ የበደለው ልጅ አይደለም። 'ሞሚና ይቅር በዪኝ፣ ቀኝ ክርኔን እየበላኝ አልዘረጋ አለኝ' አለ።»

«ይህን ያለሽ ከመጠጣቱ በፊት ነው?»

«ወላሂ፣ መቶ አለቃ! ሳይቀበል እንዴት ይጠጣል?»

ሠርከአዲስ ይህን ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት። ወደ ሐኪም ቤቱም ሄዶ ዘበኛውን አየው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ጤናማ ዘበኛ ነው። «ጥሩ ወተት ነበር» አለው። «ደግሞ መቼ ነው የምትመጣው?»

የገብረ ሚካኤል እናት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ የልጇ ክፍል በር ላይ ተቀበለችው። እንደ ዝግባ ቀጥ ያለች ባልቴት ናት። ጧት ጣቢያ ድረስ ሄዳ ሞሚና ፊት ላይ መትፋቷን ከተማው ሁሉ አውርቶታል።

«ያቺ እባብ አልተናገረችም?»

«እየጠየቅን ነው፣ እመቤቴ። እስቲ ልጅዎ ከመጣ ጀምሮ ያለውን ይንገሩኝ።»

«ዓርብ በሩን ገፍቶ ገባ። ቆሜ ሲያየኝ እግሬ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። 'እማዬ፣ ደህና ነሽ?' ይለኛል። እኔ ምን እሆናለሁ? ቅዳሜ ጧት እግሩን ይነዝረው ጀመር። የእንጀራ ልጄ ተሰማ፣ እግዜር ይስጠው፣ በቅሎ ይዞ መጣና ተራራው ላይ ካለው ጸበል ወሰድነው። ሲሄድ እኮ ራሱ ነው ኮርቻ ላይ የወጣው። ከላይ ስንደርስ እግሩ ከዳው።»

«እሑድንስ?»

«እዚያው አደርን፣ እዚያው ዋልን። እየባሰበት ሄደ። ዛሬ ስናወርደው ግን ከግማሽ መንገድ በኋላ 'አውራ ጣቴ ተነቃነቀ' አለኝ። ጸበሉ ሊሠራ ጀምሮ ነው። ተሰማም 'ሰባት ቀን ሳይሞላው ማውረዳችን ጥፋት ነው፣ ነገውኑ እንመልሰው' ይላል።»

ሠርከአዲስ እርሳሱን ጥርሱ ላይ አደረገ። ጸበል ውስጥ ሳለ ባሰበት፤ ከጸበሉ ሲርቅ ጣቱ ተነቃነቀ። እሱ ራሱ በዚያ ጸበል የተጠመቀ አማኝ ነው፤ ጸበሉን መጠርጠር አልሆነለትም። ግን ነገሩ ጥርሱ ሥር እንደገባ አሸዋ ቆረቆረው።

ተሰማን ሐኪም ቤቱ ግቢ አገኘው። ከሌላ እናት የተወለደ የገብረ ሚካኤል ታላቅ ወንድም ነው፤ ኮት የለበሰ፣ ንግግሩ የተመዘነ። እሱም ምጽዋ አራት ዓመት አገልግሎ ከሁለት ዓመት በፊት ተሰናብቷል። አሁን የአባታቸውን መሬት የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

«አቶ ተሰማ፣ እርስዎ ባሕሩን ያውቁታል። ከዚያ ይዞት የመጣ በሽታ ይሆን?»

«ባሕር ወይ ያሰጥማል ወይ ይለቃል፣ መቶ አለቃ። አስይዞ የሚልከው በሽታ የለውም። ይህ መርዝ ነው። ሐኪምም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ዓርብ የት ነበሩ?»

«ገሰራ። ከሐሙስ እስከ ዓርብ ማታ። ያደርኩበትን ቤት እነግርዎታለሁ፤ ሰውም ልከው ይጠይቁ።»

ባዳሳ ሌሊቱን ገሰራ ደርሶ በማግስቱ ጧት ተመለሰ። እውነት ነው፤ ተሰማ ሁለቱንም ቀን እዚያ ነበር። የማይነቃነቅ ምስክር አለው።

ማክሰኞ ጧት ሠርከአዲስ በሽተኛው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ገብረ ሚካኤል ፊቱ ገርጥቷል፤ ድምፁ ግን የጨዋ ድምፅ ነው።

«ከመነሳትህ በፊት፣ ሐሙስ ጧት ምን ስትሠራ ነበር?» አለው ሠርከአዲስ።

ያ የገረጣ ፊት በራ።

«እጠልቅ ነበር። ከምጽዋ ወጣ ብሎ አንድ ዳርቻ አለ። ጀልባ አያስፈልገውም። የአየር ጠርሙስህን ታዝለህ፣ መነጽርህን አጥልቀህ ከአሸዋው በእግርህ ትገባለህ። ውሃው ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ደረትህ ይደርሳል። መቶ እርምጃ ያህል ሄደህ መሬቱ ያልቃል።»

«ያልቃል ማለት?»

«ከሳነቴ አፋፍ ላይ ቆመህ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ!»

«እንደዚያ ነው። እዚህ አንድ እርምጃ ብትጨምር ትሞታለህ። እዚያ ግን አንድ እርምጃ ትጨምርና እንደ አሞራ ትንሳፈፋለህ። ገደሉ ከላይ እስከ ታች መርጃን ነው። ድንጋይ ነው ትላለህ፤ ግን ይበላል፣ ይወልዳል፣ ያድጋል። አንዱ እንደ ቁጥቋጦ፣ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ። ዓሣው ብጫው፣ ሰማያዊው፣ መንጋ መንጋ ሆኖ በፊትህ ሲያልፍ ከቁም ነገር አይቆጥርህም። መርጃኑን መርገጥ ነውር ነው፤ ጣት የሚያህለውን ለማሳደግ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ እጃችንን ደረታችን ላይ አጣጥፈን ነው የምናልፈው።»

ሠርከአዲስ የመጣበትን ረስቶ ነበር። ይህ ሰው፣ እግሩ እንደ ግንድ ተጋድሞ፣ ስለዚያ ገደል ሲናገር ገጽታው ቅዳሴ እንደሰማ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳግም ውሃ ሳይገባ ይቅር? አንጀቱን በላው።

«ሐሙስ ከወትሮው የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ረዘም ይላል። የመርከብ መልሕቅ ወድቆ ስንፈልግ ሁለት ጊዜ ወረድኩ፤ ጥልቅ ነው። የጠላቂ በሽታ የሚሉት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከታች ቶሎ ሽቅብ ያለ ይይዘዋል። እኔ ግን በየደረጃው እየቆምኩ ነው የወጣሁት፤ ዳር ላይ የቆመው ሰዓት ያዥ ምስክሬ ነው። ስወጣ ምንም አልነበረኝም። ክርኔን ያመመኝ አስመራ ስደርስ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ባሰኝ።»

«ለምን እንዲህ ተጣደፍክ?»

ገብረ ሚካኤል በግራ እጁ ወደ ኮቱ ኪስ አመለከተ። ቴሌግራም ነው። «እናትህ ለሞት ተቃርባለች። በዓርብ አውሮፕላን ካልደረስክ በሕይወት አታገኛትም። አባ ተክለማርያም።»

«ከውሃው እንደወጣሁ ጠርሙሱን ሳላወርድ ነው ያነበብኩት። አባ የንስሐ አባቷ ናቸው፤ አመንኩ።»

«ለእናትህ ለምን አልነገርካትም?»

«ቆማ እየሄደች 'ሞተሻል ብለውኛል' ይባላል እንዴ? ሟርት ነው። አባን በኋላ እጠይቃለሁ ስል ታመምኩ።»

«አባን እኔ እጠይቃቸዋለሁ» አለ ሠርከአዲስ። ሲነሳ፣ ሊነግረው አይገባም ነበር፣ ግን ነገረው፦ «ሞሚና በመርዝ ተጠርጥራ ታስራለች።»

ገብረ ሚካኤል በክርኖቹ ሊነሳ ታገለ። «ሞሚና? እሷን? ኧረ በማርያም!»

አባ ተክለማርያም አልላኩም። «እኔ ቴሌግራም? ሳንቲሙን ከየት አምጥቼ!» አሉ።

ሠርከአዲስ ከዚያ ወደ ዘይነዲን ሻይ ቤት ገባ። ዘይነዲን ሽበታም ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ከቆላ ከደጋ ያመላልሳል፤ የማያውቀው ወሬ የለም።

«ጋሽ ዘይነዲን፣ መርጃን የሚሉትን ያውቃሉ?»

«በቁርአን ያለ ጌጥ ነው፤ ሉልና መርጃን። ያየው ግን ተሰማ ነው። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ያላወራን የለም። ጠልቆ አይምሰልህ! ጆሮው አልችል ብሎት ዳር ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም ነበር። ሁሉንም የተማረው እሱ ነው፤ የፈረንጅ ትምህርት ቤት አስገብተውታል። ጠላቂዎቹ የታዘዙትን ያደርጋሉ እንጂ ምክንያቱን አያውቁም ይለን ነበር።» ዘይነዲን እያወራ የአምቦ ውሃ አነሳ። «ከቆላ ትናንት የመጣ ነው፤ ፊትህን አዙር።» ቆርኪውን ሲያነሳው ውሃው እየፎከረ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ፣ ደጋ ሲወጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ይህንንም ተሰማ ነው ያስረዳን። 'የጠላቂ ደም እንደ አምቦ ውሃ ነው' ይል ነበር። 'ሰውየው ከባሕር በሰላም ቢወጣም አየሩ ደሙ ውስጥ ታምቆ ይውላል። ወዲያው ደጋ ካወጣኸው ቆርኪውን እንደመክፈት ነው' እያለ። ቅዳሜ የጠለቀ እሑድ ለቅዳሴ አስመራ ልውጣ ቢል እሱ ነው የሚከለክለው። 'ይረግሙኝ ነበር፤ ተንኮል ይመስላቸዋል' ብሎ ይስቃል።»

ሠርከአዲስ የሚፈስሰውን ውሃ ያይ ነበር። አስመራ፤ ክርኑ። አውሮፕላን፤ ባሰበት። ተራራ፤ እግሩ። ሲወርድ፤ አውራ ጣቱ። ወተትም ጸበልም አይደለም፤ ከፍታ ነው!

«መቶ አለቃ፣ ሻይህ?»

«ይጠብቀኝ» አለና ወጣ።

ቴሌግራፍ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ፈለቀች መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሹራብ ትሠራለች። ሠርከአዲስ መጀመሪያ የራሱን ቴሌግራም ለምጽዋ ጠላቂዎች አለቃ ላከ፤ አስቸኳይ። ቀጥሎ ባለፈው ረቡዕ የተላከውን ቅጽ ጠየቀ። አገላብጣ አወጣችው።

«አባ ተክለማርያም አላመጡትም፤ ያመጣችው ሴት ናት። ጮጮ ያነገተች። ከነሳንቲሙ አቀበለችኝ።»

አዛዡ ይህን ቢሰማ ከዚያች ሰዓት ወዲያ የሚጠይቀው የለም። ሠርከአዲስ እግሩን እየጎተተ ጣቢያ ተመለሰ።

«ሞሚና፣ ባለፈው ረቡዕ ቴሌግራፍ ቤት ወረቀት ሰጥተሻል?»

«አዎ፤ ጋሽ ተሰማ ሰጡኝ። 'እኔ ወደ ገሰራ ልነሳ ነው፣ ለመስኮቷ ሴትዮ ስጪልኝ' አሉ። የመሬቱ ጌታ ናቸው፤ እንቢ ይባላል?»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«ወተት ነው እንጂ የጠየቃችሁኝ፣ ወረቀት መቼ ጠየቃችሁኝ?»

ባዳሳ ወደ መሬት አየ። ሠርከአዲስም አፈረ። የጭሰኛ ሚስት ቃል በመሬት ጌታ ቃል ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላ ያስፈልጋል። ገብረ ሚካኤል ሐሙስ እንደሚጠልቅ ጎባ ላይ ማን ያውቅ ነበር?

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጥያቄው ገረማት። «ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ተሰማ ነው የሚያነብልኝ። 'ደህና ነኝ፣ ሐሙስ ትልቅ ሥራ አለብኝ፣ ጸልዪልኝ' ይላል።» ከዳዊቷ መሐል አውጥታ ሰጠችው።

ሠርከአዲስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ደህና ነኝ፤ አለ። ሐሙስ ትልቅ ሥራ አለብኝ፤ አለ። ደብዳቤው ግን እዚያ አላበቃም። «በጥር ፈቃድ እመጣለሁ። የሲናናውን መሬት ድርሻዬን ለሞሚናና ለባሏ በስማቸው አስጽፋለሁ። እኛን አርሰው ያኖሩን እነሱ ናቸው። አንቺ እንደማይከፋሽ አውቃለሁ፤ ተሰማ ግን ይቆጣል።»

«ይህን አላነበበልኝም» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ፊቷ ላይ ተፋሁባት።»

ከቀትር በኋላ ተሰማን፣ በቅሎውን ሐኪም ቤቱ በር ላይ አስሮ፣ በሽተኛውን ቃሬዛ ላይ አስወጥቶ አገኙት። ሠርከአዲስ ሰላምታ ሰጠው፤ ከኋላው ባዳሳና እናቲቱ አሉ።

«አቶ ተሰማ፣ ሌላ ነገር አስበናል። ላንድሮቨሩን አስፈቅጃለሁ። በሮቤ በጎሮ አድርገን ወደ ወይብ ወንዝ፣ ሶፍ ዑመር እናወርደዋለን።»

«ቆላ?» ተሰማ ሳቀ። «ወባ እንዲጨርሰው? አይሆንም! ጸበሉ ሰባት ቀን ይላል።»

«ሰባት ቀን ቆላ ከርሞ ጸበሉ በኋላ ቢደርስ?»

«ወደ ላይ ነው መውጣት ያለበት፣ አልኩ!» ብሎ ጮኸ። እስከዚያች ሰዓት ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው።

«መልካም፤ እንደ ቃልዎ ይሁን» አለ ሠርከአዲስ፤ ወረቀትና ብዕርም አወጣ። «እርስዎ የባሕር ኃይል ሰዓት ያዥ ነበሩ፤ የዚህ ትምህርት ያለው ጎባ ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት። 'ሐሙስ የጠለቀ ሰው ተራራ ቢወጣ አይጎዳም፣ እኔ በትምህርቴ አረጋግጣለሁ' ብለው ይፈርሙልኝ። ለምጽዋ እልከዋለሁ። ከዚያ በቅሎውን እኔ እስባለሁ።»

ተሰማ ብዕሩን ተቀበለ። ወረቀቱን አየ። ቃሬዛው ላይ ያለው ወንድሙ ደግሞ እሱን ያየዋል፤ ዓይኑን አልነቀለም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ይፈርሙ እንጂ።»

በዚህ መሐል ፈለቀች ነጠላዋ እየወደቀ እየሮጠች መጣች። «ምጽዋ መለሰ!» ሠርከአዲስ ተቀብሎ ሁሉም እንዲሰማ አነበበው። «ወደ ላይ አታውጡት። አውሮፕላን አታሳፍሩት። ዛሬውኑ ዝቅ ወዳለ ስፍራ አውርዱት። ሰዓት ያዥ የነበረው ተሰማ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁ።»

በቅሎዋ ጭራዋን ወነጨፈች። ተሰማ ብዕሩን መለሰ።

«እኔ ዓርብ ገሰራ ነበርኩ» አለ በቀስታ። «አልነካሁትም። ወረቀት ነው የጻፍኩት። በወረቀት ሰው ይገደላል?»

«መሬቱን ብትጠይቀኝ እኮ» አለ ገብረ ሚካኤል ከቃሬዛው። «ተሰማ፣ የኔን ብትተወው ያንተ ይበቃህ ነበር።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ዳር ላይ አራት ዓመት ሰዓት ይዤ ቆምኩ። አንተ ትገባለህ፣ አንተ ታያለህ፣ ወጥተህ ታወራለህ። እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ። አገሬ ስገባ ደግሞ መሬቱን ለጭሰኛ!»

ባዳሳ ክንዱን ያዘው።

ላንድሮቨሩ የሚነሳው ወዲያው ነው፤ ግን ከጎሮ ወዲያ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሹፌሩ ደጋ ሰው ነው። «ሞሚና ከዚያ ናት» አለ ባዳሳ። «ወንድሞቿ ወይብ ዳር ከብት ያረባሉ።»

ሠርከአዲስ ራሱ ሄዶ በሩን ከፈተላት። «ነፃ ነሽ። ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ። ግን…» ብሎ ነገራት። ሞሚና ሻሿን አጠበቀች። «ምን ታስወራኛለህ፣ ታዲያ? ልጁ ይጠብቃል እንዴ?» አለችና ቀድማው ወጣች።

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየመራች ወረዱ። የሮቤ ስንዴ አለፈ። ጎሮ አለፈ። ነፋሱ ሞቀ፤ ግራሩ በዛ። እናቲቱ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ በሕይወቷ ከደጋ ወርዳ አታውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይብ ደረሱ። የሞሚና ወንድሞች በሽተኛውን አውርደው ወንዙ ዳር በበሬ ቆዳ ጀንዲ ላይ አስተኙት።

ያን ዕለት ምንም የለም። በማግስቱም እስከ ማታ ምንም የለም። ሠርከአዲስ ዳር ዳሩን ይመላለሳል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወንጀለኛው ተይዟል፤ ግን የመጣበት ነገር ያ አልነበረም። ሐሙስ ጧት ሞሚና የበሽተኛውን እግር አቧራ ልታጥብለት በጮጮ ውሃ ቀድታ መጣች። ስታፈስበት ገብረ ሚካኤል ዓይኑን ገለጠ።

«ሞሚና» አለ። «ይበርዳል።»

እጇ ቆመ። «ምን አልክ?»

«ውሃው። እግሬን በረደኝ።»

ደግማ አፈሰሰች። አውራ ጣቱ ተጠቀለለ፤ ቀጥሎ ተረከዙ አሸዋውን ገፋ። ሠርከአዲስ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ መኮንን ሲያለቅስ አይታይም።

ዞር ሲል ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከልጇ ራስጌ የለችም። ከውሃው ዳር ጎንበስ ብላ ድንጋይ ትመርጣለች። ትንሹን አልፈለገችም። ሁለት እጅ የሚሞላውን አንስታ ጫንቃዋ ላይ አደረገች። ያች እንደ ዝግባ የምትቆም ሴት ወገቧ ጎብጦ፣ እየተንገዳገደች መጥታ፣ የጭሰኛው ሚስት ፊት በአሸዋው ላይ ተንበረከከች።

ሞሚና ጮጮዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ድንጋዩን ከአሮጊቷ ጫንቃ ላይ አነሳችው።